ኦች ሲደረብ

ሰሞኑን መካነ ሰላም ውስጥ ለምረቃ ድግስ ያልተጠራ ሰው ካለ ወይ የታመመ ነው ወይ የተጣላ። እኔም ተጠርቼ ነበር። ግድግዳው ላይ ባነር፣ ባነሩ ላይ ገዋን የለበሰች ልጅ፤ ከላይ በእንግሊዝኛ “ኮንግራጁሌሽን”፣ ከታች በአማርኛ “ውድ ምሩቃኖቻችን፣ እንኳን ደስ አላችሁ” ይላል። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ዘመድ ገና ሳይቀመጥ በሳቅ ፈረሰ። “ኤሷ የታለች? ኮንግራጁሌሽንስ ነው እኮ የሚባለው!” ቤቱ አብሮት ሳቀ። ባነሩን ያሳተሙት አባት አንገታቸውን ደፉ። ከታች ያለችውን “ምሩቃኖቻችን” ግን ዞር ብሎ ያያት የለም።

ይህ ዓምድ በ“ኦች” ላይ ያለውን አቋም የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ለአዲሶቹ ባጭሩ፦ ምሩቅ አንድ ነው፣ ምሩቃን ብዙ ናቸው፤ ምሩቃኖች ምን እንደሆኑ አላውቅም። መምህራኖች፣ ሕፃናቶች፣ መጻሕፍቶች፣ ቃላቶችም ያው ናቸው። ከእንግሊዝኛው የቀነስነውን ብዙ ቁጥር ለአማርኛው ደርበን ሰጠነው።

ከሳቂው ልጀምር። የእኛ ሰው እንግሊዝኛ ሲስት አብዛኛውን ጊዜ የሚስተው አማርኛውን አጥርቶ ስለሚያውቅ ነው። ከእንግዳ ፊት ተነስቶ እየወጣ “አይ አም ካሚንግ” የሚለውን ሰው ፈረንጁ ግራ ገብቶት ያየዋል። እኛ እኮ እየሄድን ነው “መጣሁ” የምንለው! “አልበላህም እንዴ?” ስንባል “አዎ፣ አልበላሁም” ስለምንል፣ በእንግሊዝኛም “የስ” ብለን ጦማችንን እናድራለን። ገንዘብ “ቦሮው ሚ” የሚል ሰው፣ ተበደረና አበደረ ከአንድ ሥር በሚበቅሉበት ቋንቋ ያደገ ነው። መወያየት ምንጊዜም “ስለ” አንድ ነገር ስለሆነ “ዲስከስ” ላይ “አባውት” እንጨምራለን፤ ቴሌቪዥንም በአማርኛ ስለምንከፍተው በእንግሊዝኛም “ኦፕን” እናደርገዋለን። መረጃዎች፣ ምክሮች፣ ዕቃዎች ሲል የኖረ ሰው “ኢንፎርሜሽንስ”፣ “አድቫይስስ”፣ “ኢኩዊፕመንትስ” ቢል ምን ይደንቃል? መረጃ አይቆጠርም ብሎ ድርቅ ያለው እንግሊዝኛው ነው።

ልጆቻችን ደግሞ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውንም ጂኦግራፊውንም በዚሁ ቋንቋ ተምረው፣ በዚሁ ቋንቋ ተፈትነው ነው እዚህ የደረሱት። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በአገር ደረጃ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ያለ ወንፊት ላለፈ ልጅ ባነሩ ላይ አንዲት ፊደል ብትጎድልበት ጉዳዬ አይደለም።

አማርኛው ግን ጉዳዬ ነው። “ለእንግሊዝኛው ለዘብክ፣ ለአማርኛው ከረርክ” የምትሉኝ አላችሁ። ልክ ናችሁ። የሰው ቋንቋ ሲሳሳቱ ባለቤቱ ያርማል፤ የራስን ሲሳሳቱ አራሚው ማን ሊሆን ነው? “ሕዝብ ከተናገረው ትክክል ነው” የሚሉ የቋንቋ ምሁራን እንዳሉ አውቃለሁ። እነሱ ራሳቸው ሲጽፉ ግን “ምሁራኖች” አይሉም።

ያስቸገሩኝ አንድ መሪጌታ ናቸው። በዚያው ድግስ አጠገቤ ተቀምጠው ስነጫነጭ ሰሙና ጠላቸውን አስቀምጠው፣ “ልጄ፣ ንጉሥ ሲበዛ ምን ይባላል?” አሉኝ።

“ነገሥታት” አልኩ።

“ነገሥትስ?”

ዝም አልኩ። ተድባበ ማርያም አካባቢ ቅኔ የቆጠሩ ሰው ናቸው፤ የሚምሩኝም አልነበሩም። ነገሥት ራሱ ብዙ ነው፤ ነገሥታት የብዙ ብዙ ነው። ደብር ሲበዛ አድባር፣ አድባር ደግሞ ሲደረብ አድባራት። “ግዕዝ ከጥንት ጀምሮ ሲደርብ የኖረውን አንተ ዛሬ ምሩቃኖች ላይ ሲደርስ ምን አስቆጣህ?” ብለው ጠላቸውን አነሡ። ቤቱ ለሁለተኛ ጊዜ ሳቀ፤ በዚህኛው ተረኛው እኔ ነበርኩ።

መልሱ የመጣልኝ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። መሪጌታ፣ ግዕዝ የደረበው በራሱ ሥርዓት፣ በራሱ ፊደል ነው። በግዕዝ ብዙ ላይ የአማርኛ “ኦች” መለጠፍ ሌላ ነገር ነው። ደግሞስ ያን ትልቅ መጽሐፍ ያዘጋጁት ሊቃውንት ስሙን “ክብረ ነገሥት” አሉት እንጂ መች ደረቡ? ዛሬ ባነር የሚያሳትሙልን ልጆች እጅ ቢገባ “ክብረ ነገሥታቶች” ይሆን ነበር፤ ሦስት ብዙ በአንድ ቃል!

ክብረ ነገሥትን ካነሣሁ አይቀር፣ ይህ መጽሐፍ ከእኛው መቅደላም የተሰደደ ነው። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ካረፉ በኋላ የእንግሊዙ የናፒየር ጦር የአምባውን ብራና ሲያግዝ ሁለት ቅጂው አብሮ ለንደን ገባ። በ1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ለእንግሊዝ መንግሥት ጻፉ፤ የኢትዮጵያ ሕግ ያለው እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ነውና ያለሱ ሕዝቤ አይታዘዘኝም የሚል ደብዳቤ ነበር። በእንግሊዝኛው ላይ የመጽሐፉ ስም ምን ተብሎ እንደሰፈረ ታውቃላችሁ? “ኪቬራ ነጉስት”። እንዲህ የተበላሸ ስም ይዞ የሄደ ደብዳቤ ሥራውን ሠራ፤ የእንግሊዝ ሙዚየም ከሁለቱ ቅጂ አንዱን መለሰ።

ከመቅደላ የተወሰዱ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ግን ዛሬም ለንደን፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ናቸው። ገዋናችሁን ያወለቃችሁ የመካነ ሰላም ልጆች፣ በእጃችሁ ባለው እንግሊዝኛ ጻፉላቸው።