በወንዙ ዳር የቀሩት

ምንባብ፦ 1 ሳሙኤል 30፥1–25

በ2024 እ.ኤ.አ. ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ጊዜ አንደኛ ገብቶ አረንጓዴውን ማሊያ ሲለብስ በብዙ የሐበሻ ቤት ደስታ ሆኖ ነበር። ስሙን ያልሰማ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ግን ልጠይቃችሁ፤ ከቡድን ጓደኞቹ የአንዱን ስም የሚነግረኝ አለ? በእነዚያ ሳምንታት ከፊቱ ሆነው ነፋስ የተቀበሉለት፣ ውኃና ምግብ ያቀበሉት፣ መጨረሻው ሲቃረብ በግፊያው መሐል መንገድ የከፈቱለት ሰዎች ነበሩ። በ2016 እ.ኤ.አ. በዚሁ ውድድር የተሳተፈው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጸጋቡ ግርማይም በታላላቅ ቡድኖች ውስጥ ብዙ ጊዜ ሥራው ይኸው ነበር፤ ሌላው እንዲያሸንፍ መድከም።

ይህን ያነሣሁት ስለ ቤተ ክርስቲያናችን የምለው ስላለኝ ነው። የደከሙ አገልጋዮቻችንን የምንይዝበት መንገድ ትክክል አይመስለኝም። እንዲያውም ሰው እስኪወድቅ ፊት እናቆመውና ሲወድቅ ስሙን እንረሳለን።

ነፋሱን የሚቀበለው ማን ነው?

ሁለት ብስክሌተኞች ተጠጋግተው ሲጋልቡ የኋላው ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉን ይቆጥባል። ነፋሱን የሚሰብረው የፊተኛው ነው። ስለዚህ ጥሩ ቡድን ፊቱን ይቀያየራል። አንዱ ለጥቂት ጊዜ ፊት ይሆንና ወደ ጎን ወጥቶ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ቀጣዩ ይተካዋል። ወደ ኋላ የተመለሰው ሰነፈ አይባልም። ተራውን ጨርሷል፤ አሁን ሌላው ይከልለዋል፤ ትንፋሹን ሲሰበስብ ደግሞ ይመለሳል።

ዝናብ ሲጨመር ነገሩ ይከብዳል። ኩሬው ጉድጓዱን ይሸፍናል። በአስፋልቱ ላይ የተቀባው መስመርና የብረት ክዳኑ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ፍሬን ቶሎ አይዝም። ጣት ደንዝዞ የምግብ መጠቅለያ መክፈት እንኳ ያቅታል። የኋላው ሰው ከፊቱ ካለው ጎማ የሚረጨው ጭቃ ዓይኑ ውስጥ እየገባበት የሚያየው ጀርባ ብቻ ነው። ስለዚህ ፊት ያለው ጉድጓዱን በእጁ እያመለከተ፣ እየጮኸም ይነግረዋል። የኋላው የሚሄደው በፊተኛው ዓይን ነው ማለት ይቻላል።

ታላላቆቹ ይህን የሚሠሩት ደመወዝ እየተከፈላቸው ነው። በቅዳሜና እሑድ የአማተሮች ውድድር ግን ነርሱ፣ ሹፌሩ፣ የሒሳብ ሠራተኛውና ተማሪው የመመዝገቢያውን ከኪሳቸው ከፍለው ይመጣሉ። ለመበስበስ ከፍለው፣ ሌላው እንዲሸለም ደክመው፣ ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ስለዚህ ከታላላቆቹ ይልቅ እኛን የሚመስሉት እነርሱ ናቸው። የእኛም ኳየር፣ የልጆች አስተማሪዎች፣ ሳውንድ የሚሠሩት፣ ቡና የሚያፈሉት ሁሉ እንዲሁ ናቸው፤ ደመወዝ የለም፤ ሰኞ ግን ሥራ አለ።

“እኔ አልጨረስኩም፤ ግን ሁለተኛ ወጣን”

የምኖረው በሲያትል አካባቢ ነው። ዝናባችንን የማያውቅ የለም። ከቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች አንዱ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር በአንድ የብስክሌት ክለብ ይጋልባል፤ በሚያዝያ ወር በሁለት ቀን ውድድር አምስት ሆነው ተሳተፉ። ቅዳሜ ጠዋት እያንዳንዱ ብቻውን በሰዓት ይጋልባል። ከሰዓት በኋላ አጭር መንገድ እየተመላለሱ ይወዳደራሉ። እሑድ ረጅሙና ዳገታማው መንገድ ነው። የሁለቱ ቀን ሰዓት ይደመርና ጥቂት ጊዜ የፈጀው ያሸንፋል።

ቅዳሜ ሄጄ በጃንጥላ ቆሜ አየሁ። ከአምስቱ አንዱ በጠዋቱ ጥሩ ሰዓት አስመዘገበ። ከዚያ በኋላ አራቱ ስለ ራሳቸው ውጤት ማሰብ ተዉ። እሑድ እኔ መድረክ ላይ ስለነበርሁ የሆነውን የሰማሁት ከልጁ ነው። (ስለ እሑድና ስለ ስፖርት ከእርሱ ጋር የተነጋገርነው አለ፤ እርሱ ለሌላ ጊዜ ይቆየን።) በዝናቡ መሐል፣ ገና ብዙ መንገድ ሲቀር፣ የፊት መሪያቸው ጎማ ተነፈሰ። ሁለቱ ቆመው ጠበቁት። ጎማው እስኪቀየር ዋናው ቡድን ከዓይናቸው ጠፋ። ከዚያ ሁለቱ ተራ በተራ ፊት እየሆኑ፣ እርሱን ከኋላቸው ከልለው፣ ወደ ቡድኑ እስኪመልሱት ድረስ ያላቸውን ሁሉ አወጡ። እርሱ ገባ። የእኛ ልጅ ግን እግሩ ከዳው፤ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ቀረ፤ በመጨረሻም ብርዱ ስላየለበት ዳር ወጥቶ ቆመ።

“ስንተኛ ወጣህ?” አልሁት።

“ፓስተር፣ እኔ አልጨረስኩም፤ ግን ሁለተኛ ወጣን” አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በደስታ ነው የነገረኝ። መሪያቸው መስመሩን እንዳለፈ መጀመሪያ የጠየቀው “እርሱስ የት አለ?” ብሎ ነበር። ደረቅ ጃኬት ይዞ ራሱ መጣ። የተሸለሙት ገንዘብ የመመዝገቢያውን ያህል እንኳ አይሞላም፤ እርሱኑ ለአምስት እኩል ተካፈሉት። ያልጨረሰውም እኩል ደረሰው።

ዳዊትና የቦሦር ወንዝ

ይህን ስሰማ ወደ አእምሮዬ የመጣው 1 ሳሙኤል 30 ነው። ዳዊትና ስድስት መቶ ሰዎቹ በሦስተኛው ቀን ጺቅላግ ሲደርሱ ከተማቸው ተቃጥሏል፤ ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው ተማርከዋል። ለማልቀስ ኃይል እስኪያጡ ድረስ አለቀሱ። ከዚያ ዳዊት እግዚአብሔርን ጠይቆ አማሌቃውያንን ማሳደድ ጀመረ። ቦሦር ወንዝ ሲደርሱ ግን ሁለት መቶዎቹ ከድካም የተነሣ መሻገር አልቻሉም። ዕቃ እየጠበቁ ቀሩ።

እነዚህ ሁለት መቶ ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም። ከአራት መቶዎቹ ጋር ያንኑ መንገድ ተጉዘዋል፤ ያንኑ ለቅሶ አልቅሰዋል። የተማረኩት የእነርሱም ሚስቶች፣ የእነርሱም ልጆች ነበሩ። ፍቅር አጥተው የቀሩ አይደሉም፤ ጉልበታቸው አልቆ ነው።

አራት መቶዎቹ አሸንፈው ሲመለሱ በመካከላቸው የነበሩ ክፉ ሰዎች ተቃወሙ፤ አብረውን አልዘመቱምና ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው ይሂዱ፣ ከምርኮው ግን አይካፈሉም አሉ። ዳዊት እንቢ አለ። ምክንያቱ ደስ ይላል፤ ድሉ የእኛ ጉልበት ሳይሆን የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፣ ስጦታ ከሆነ ማንም በጉልበቱ መጠን ሊከፋፍለው አይችልም ነው ነገሩ። የተዋጋውና ዕቃ የጠበቀው እኩል እንዲካፈሉ አደረገ፤ ይህንም ለእስራኤል ሥርዓት አድርጎ አቆመው። ቁጥር 21ን ደግሞ አትለፉት። ዳዊት ወደ እነዚያ ሰዎች ሲቀርብ መጀመሪያ ያደረገው ደኅንነታቸውን መጠየቅ ነበር። መቼ ትሻገራላችሁ፣ ለምን ቀራችሁ አላለም።

እኛስ?

እዚህ ላይ በግልጽ ልናገር። በውጭ አገር ባሉ ብዙ አብያተ ክርስቲያኖቻችን ሁለት ሥራ ይዞ ሌሊት የሚያድር፣ እሑድ ጠዋት ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ በር የሚከፍት ሰው አለ። ልጆች ስታስተምር ለዓመታት በአዳራሹ ተቀምጣ ስብከት ሰምታ የማታውቅ እህት አለች። እናቱን ቀብሮ በሳምንቱ አምልኮ እንዲመራ የተጠራ ወንድም አለ። እንዲህ ያለው ሰው አንድ ቀን ጸጥ ብሎ ይቀራል። መጀመሪያ ከልምምድ፣ ከዚያ ከጸሎት፣ ከዚያ ከእሑድ። እኛም ምን እንላለን? “ቀዝቅዟል።” “ጸሎቱ ቀንሷል።” “ዓለም ወሰደው።” አሥር ዓመት ነፋስ የተቀበለልን ሰው በወንዝ ዳር ሲቀር እኛ እንደ አራት መቶዎቹ ክፉ ሰዎች እንናገራለን።

አንዳንዱ፣ እግዚአብሔር ለሚጠብቁት ኃይላቸውን ያድሳል፣ ኢሳይያስ 40ን ረሳኸው እንዴ ይለኛል። አልረሳሁም። ግን ኃይልን የሚያድሰው አምላክ ኤልያስ በዛፍ ሥር ሞትን በለመነ ጊዜ ምን እንዳደረገ ተመልከቱ፤ አስተኛው፣ አበላው፣ ደግሞ አስተኛው። ከዚያም በእርሱ ፋንታ ነቢይ እንዲሆን ኤልሳዕን እንዲቀባ አዘዘው (1 ነገሥት 19)። ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ሲዳኝ ዮቶር፣ ይህን ብቻህን አትችለውም፣ ሕዝቡንም ታደክማለህ አለው (ዘጸአት 18)። ስለ ሌዋውያን ደግሞ እግዚአብሔር ራሱ፣ ዕድሜያቸው ሃምሳ ሲሞላ ከሥራው እንዲያርፉና ወንድሞቻቸውን እንዲያግዙ ደነገገ (ዘኍልቍ 8፥25–26)። እኔም ሃምሳን ካለፉት ነኝና ይህን ቁጥር በጥንቃቄ ነው የማነበው። በእግዚአብሔር ቤት ዕረፍት የእምነት ማነስ ሳይሆን ሥርዓት ነበር።

ሌላው ደግሞ፣ ይህን ብትሰብክ ሰነፉ ሁሉ ደከመኝ ይላል ይላል። እውነት ነው፤ በብስክሌትም ሙሉውን መንገድ ከሰው ኋላ ተከልሎ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ፊት ሳይወጣ የሚጋልብ አለ፤ ጓደኞቹም ያውቁታል። በቤተ ክርስቲያንም ዓመታት ሙሉ ተቀምጦ፣ ስብከቱን ገምግሞ፣ መዝሙሩን አስተካክሎ ወደ ቤቱ የሚሄድ አለ። ወንድሜ፣ እህቴ፣ አንተ ወይም አንቺ እንዲህ ከሆናችሁ፣ ፊት ያለው ሰው ያለቀው እናንተ ተራችሁን ስላልያዛችሁ እንደሆነ እወቁ። የዚህ መድኃኒቱ የደከመውን መንዳት አይደለም። ያልደከመውን መጥራት ነው።

ምሳሌው የሚያልቅበት ቦታ

ገና ጌታን ያላወቃችሁ፣ ይህን ገጽ በጥያቄ የምታነቡ ወገኖች ካላችሁ፣ ከሁሉ በላይ ይህን እንድትሰሙ እፈልጋለሁ። በ1934 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ የሃያ ዓመቱ ሬኔ ቪየቶ የመሪው የአንቶናን ማኝ ጎማ ሲበላሽ የራሱን ጎማ አውልቆ ሰጠው። መተኪያ እስኪመጣ ድረስ በድንጋይ ግንብ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ፎቶግራፉ እስከ ዛሬ ይታወቃል። የዚያን ዓመት አሸናፊ ማኝ ሆነ። በብስክሌት ቡድን ሕጉ ይኸው ነው፤ ሌሎቹ ለብርቱው ይደክማሉ።

በወንጌል ግን ተገላቢጦሽ ነው። መሪው ራሱ ለደካሞቹ ደከመ። ጌታ ኢየሱስ ሊገለገል አልመጣም፤ ሊያገለግልና ነፍሱን ለብዙዎች ቤዛ ሊሰጥ መጣ (ማርቆስ 10፥45)። ነፋሱን እርሱ ተቀበለ። እኛ መሻገር ያቃተንን ወንዝ እርሱ ተሻገረ፤ ድሉንም ምንም ላላዋጣን በነጻ አካፈለን። ዳዊት ለሁለት መቶዎቹ ያደረገው የዚህ ጥላ ነው። በክርስቲያን ሕይወት ማንም ድርሻውን የሚቀበለው ስለ ጨረሰ አይደለም፤ እርሱ “ተፈጸመ” ስላለ ነው። ይህን ያመነች ቤተ ክርስቲያን በደከመ ሰው ላይ ልትፈርድ አትችልም።

ምን እናድርግ?

ለሽማግሌዎችና ለመጋቢዎች፦ ለእያንዳንዱ አገልግሎት ሁለት ሰው ይኑር። የአገልግሎት ዘመኑ ይወሰን፤ ማብቂያው ያልታወቀ አገልግሎት ሰውን ይጨርሳል። ዕረፍት የወሰደ አገልጋይ ምክንያት እንዲያስረዳ አይጠየቅ። ተቀምጦ ቃል ይስማ፤ ሌሎች ያገልግሉት። በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ሲቀርብ ዕቃ የጠበቁት በስማቸው ይጠሩ።

ለምእመናን፦ በዚህ ሳምንት አንድ የቀረ አገልጋይ አስቡና ደውሉለት። ስለ ሥራው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ እንቅልፉ ጠይቁት። ተመለስ አትበሉት፤ ከዳዊት እንማር፤ ሰላምታው ይቅደም። ደረቅ ጃኬት ይዞ የሚመጣ ሰው ከሁሉ በፊት ያስፈልገዋል።

በወንዙ ዳር ለቀራችሁ ደግሞ፦ የሮጣችሁትን እግዚአብሔር አይቷል። ድርሻችሁ አልተነካም። ዕረፉ፤ ብሉ፤ ተኙ። ኃይል ስትሰበስቡ፣ ማንም ሳይገፋችሁ፣ ተራችሁ ሲደርስ ትመለሳላችሁ። እስከዚያው ድረስ የምንከልላችሁ እኛ መሆን አለብን።

የዕረፍት ጌታ ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።