ዝርዝሩ ውስጥ እኛም ነበርን

ያላመነ ሰው ይድናል ወይ ተብለን ስንጠየቅ ብዙዎቻችን አጭር መልስ አለችን፤ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ድኅነት የለም። ነገሩ ከቅርጣግናው ጳጳስ ከቅዱስ ቆጵርያኖስ የመጣ ነው። እርሱ ግን በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይህን ሲጽፍ ያሳሰበው ስለ ክርስቶስ ሰምቶ የማያውቅ አረማዊ አልነበረም። ከቤተ ክርስቲያን ተለይተው ለብቻቸው የሚያጠምቁ ክርስቲያኖች ነበሩ። ለውስጥ ሰው የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ቆይቶ በውጭ ሰው ላይ የሚነበብ ፍርድ ሆነ።

ፍርዱ እጅግ የከረረው በፍሎረንስ ጉባኤ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1442 የሮማው ፖፕ ኤውጄንዮስ 4ኛ ከግብፅ ኮፕቶች ጋር ለመዋሐድ ባወጡት ሰነድ፣ ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ውጭ የሚሞቱ አረማውያን ብቻ ሳይሆኑ አይሁድ፣ መናፍቃንና ተገንጣዮችም ወደ ዘላለም እሳት እንደሚወርዱ ተዘረዘረ። በ1441 ከኢየሩሳሌም የሄዱ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት እዚያው ጉባኤ ፊት ቀርበው ነበር። የኬልቄዶንን ጉባኤ ያልተቀበለችው ቤተ ክርስቲያናችን ልጆች በዚያ ዝርዝር ከማን ጋር እንደሚቆጠሩ ማንም አይስተውም። ዛሬ ያንኑ ቃል በሙስሊም ጎረቤቱ ላይ የሚመዝ ኦርቶዶክሳዊ ይህን ቢያስታውስ እጁ ትንሽ ይከብደው ነበር። ሮማም ራሷ እዚያው አልቆመችም። ቃሉን እንዳለ ካልወሰዳችሁት ብሎ የተሟገተው የቦስተኑ ካህን ሊዮናርድ ፊኒ ወደ ሮማ ሲጠራ እምቢ ብሎ በ1953 ተወገዘ፤ ውጭ ያለ አይድንም ሲል የኖረው ሰው ራሱ ውጭ ሆነ። በ1964 ደግሞ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ፣ ያለ ጥፋቱ ወንጌልን ያላወቀ በቅን ልብ እግዚአብሔርን የሚፈልግ ሰው ሊድን እንደሚችል አስተማረ።

የአጥባቂዎቹ ጥቅስ ግን በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ዮሐንስ 14 ወደ አብ የሚወስደው መንገድ አንድ ክርስቶስ ብቻ መሆኑን ይናገራል፤ የሐዋርያት ሥራ 4 የምንድንበት ሌላ ስም እንደሌለ። ሁሉም ሃይማኖት ያው ነው የሚለውን ወሬ እኔም አልቀበለውም። ይሁንና ጥቅሶቹ አዳኙ ማን እንደሆነ ይነግሩናል እንጂ እጁ እስከ የት እንደሚዘረጋ አይወስኑም። ቤተ ክርስቲያናችን ጌታ በአካለ ነፍስ ወደ ሲኦል ወርዶ 5500 ዘመን የተጋዙትን ነፍሳት ነፃ እንዳወጣ ታስተምራለች። እነዚያ ሳይጠመቁ የሞቱ ናቸው። ተስፋውን ይጠብቁ የነበሩ ናቸዋ ይባል ይሆናል፤ ሐዋርያው ጴጥሮስ ግን በ1ኛ መልእክቱ ምዕራፍ 3 በኖኅ ዘመን እምቢ ላሉት ነፍሳት ጭምር ጌታ እንደ ሰበከላቸው ይጽፋል።

እንዲህ ከሆነ መስበክ ለምን ያስፈልጋል? ከተቃውሞዎቹ ሁሉ የሚከብደው ይኸኛው ነው፤ መልሱን የሐዋርያት ሥራ 10 ላይ አገኘዋለሁ። ቆርኔሌዎስ በቂሣርያ የሚኖር ያልተጠመቀ ሮማዊ መቶ አለቃ ነው። ጸሎቱና ምጽዋቱ እግዚአብሔር ፊት መድረሱን መልአኩ ነገረው፤ ሆኖም ይበቃሃል አላለውም፤ ኢዮጴ ልከህ በባሕር ዳር በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት ያረፈውን ጴጥሮስን አስመጣ አለው። ጸሎቱ መሰማቱ ስብከቱን አላስቀረውም። ጴጥሮስ ግን ከመሄዱ በፊት አንድ ራእይ ሦስት ጊዜ ማየት አስፈለገው፤ ደርሶ ሲናገርም ገና ቃሉን ሳይጨርስ መንፈስ ቅዱስ በቤቱ ባሉት ሁሉ ላይ ወረደ። ጥምቀቱን ያዘዘው ከዚያ በኋላ ነው።