በሰው አገር የሚታመም ሠራተኛ ዋስ ያሻዋል

ክረምት በገባ ቁጥር ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከትግራይ ደጋ ወደ ቆላው የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ቁጥሩ እጅግ ብዙ ነው። አንዳንዱ በሑመራና በመተማ እርሻዎች ሲቀር፣ ሌላው ወሰን ተሻግሮ እስከ ገዳሪፍ፣ እስከ ወድ ኤል ሒለው ይዘልቃል። እዚያም ያርማል፤ ያጭዳል፤ ሰሊጥና ማሽላ ይሰበስባል። ይህ ሰው ስለ ክፍያው ከካቦው ጋር አጥብቆ ይነጋገራል። ብታመም ማን ያሳክመኛል ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው፤ የጠየቀም ቢሆን የሚመልስለት አያገኝም።

ነጋዴው ለመድን እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ማንኛውም ተሽከርካሪ ለሦስተኛ ወገን ጉዳት መድን ሳይገባ መንገድ እንዳይወጣ በአዋጅ ተከልክሏል። ሰሊጡን ለጫነችው መኪና ዋስ የጠራ ሕሊና፣ ሰሊጡን ላጨደው ሰው ዋስ አለመጥራቱ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው።

ወድ ኤል ሒለው በሱዳን የከሰላ ክፍለ ሀገር በደቡብ በኩል፣ ተከዜ ሰቲት የሚል ስም ይዞ ወደ አትባራ ወንዝ በሚወርድበት አቅጣጫ ትገኛለች። ይህ የጠረፍ ምድር እንግዳ ሲቀበል የኖረ ነው። ቀደም ባለው ዘመን ኤርትራውያን ስደተኞች ሰፍረውበታል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት በተነሣ ጊዜም በጥቂት ወራት ውስጥ ከ60,000 የሚበልጥ ሕዝብ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሻግሮ በሐምዳይት በኩል ገባ፤ ከዚያም ወደ ኡም ራኩባና ወደ ቱናይድባ መጠለያዎች ተወሰደ።

ከአገሩ ወጥቶ የሚኖረው ሰው በሕመም ጊዜ የሚጠብቀው ዕድል አንድ ዓይነት አይደለም። ስደተኛ ተብሎ የተመዘገበው ምንም ችግሩ ቢጸና ካርድ አለው፤ የተባበሩት መንግሥታትና የርዳታ ማኅበራት በመጠለያው ክሊኒክ ያቆሙለታል። በሕጋዊ ውል ወደ ዓረብ አገር የሚሄደውም በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የመድን ሽፋኑን ወጪ በአሠሪው ላይ ጥሎለታል። ሳዑዲ ዓረቢያም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 ባወጣችው ሕግ የውጭ ዜጋ የሚያሠራ ድርጅት የሠራተኛውን የጤና መድን እንዲከፍል አስገድዳለች። በእግሩ ወሰን ተሻግሮ ለአንድ አጨዳ የሚሠራው የቀን ሠራተኛ ግን ስደተኛ ስላልሆነ ካርድ፣ በኤጀንሲ ስላልሄደ ውል የለውም። ከሁለቱ በረት ውጪ የቀረ በግ ማለት እርሱ ነው።

የዚህን ጉድለት ዋጋ ከማንኛውም በሽታ ይልቅ ካላዛር አጉልቶ ያሳያል። ካላዛር ከመተማና ከሑመራ እስከ ገዳሪፍ ባለው የዋልካ ምድር የተለመደ በሽታ ነው። አስተላላፊዋ የአሸዋ ዝንብ በዋልካው ስንጥቅና በግራር ሥር ትኖራለች፤ ሌሊት በሜዳ የሚተኛውንም ሠራተኛ ትነክሳለች። በሽታው ትኩሳቱ ሳይለቅ ሰውነትን ያከሳል፤ ጣፊያን ያሳብጣል፤ ደምን ያሳንሳል። ሳይታከም የቀረ በሽተኛ ከ100 ከ95 በላይ የሚሆነው ይሞታል። ከዚህም የከፋው የሚዘገይ መሆኑ ነው። ሰውየው ከተነከሰ በኋላ ሕመሙ የሚገለጸው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ቆይቶ ስለሆነ፣ ሠራተኛው ደመወዙን ተቀብሎ፣ ካቦውም ተበትኖ፣ ባለ እርሻውም ሰሊጡን ሸጦ ካበቃ በኋላ በደጋው ቤቱ ይወድቃል። በዚያም ያለው ጤና ጣቢያ የቆላውን በሽታ ስለማያውቀው የወባ መድኃኒት ሰጥቶ ይመልሰዋል።

ይህ በግምት የተነገረ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች የካላዛር ወረርሽኝ መግባቱ ታወቀ። ቀደም ሲል በዚያ አካባቢ በሽታው የሚታወቅ ስላልነበረ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ሲባል ቆይቶ፣ ምርመራው እስኪደረግ ድረስ ብዙ ሰው አለቀ። በሽታው ወደ ስፍራው የገባው ከሑመራና ከመተማ በተመለሱ ሠራተኞች ሳይሆን አይቀርም የሚለው የአጥኚዎች አስተያየት ነው። እንግዲህ አንድ ሠራተኛ በቆላ ሳይታከም ቢቀር ጉዳቱ በእርሱ ብቻ የሚያበቃ ሳይሆን ወደ ቀየው የሚደርስ መሆኑን አስተዳዳሪ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል።

መድኃኒቱ ግን አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 ዓ.ም. ለምሥራቅ አፍሪካ የመከረው የሁለት መርፌ ሕክምና ቀድሞ 30 ቀን ይፈጅ የነበረውን ወደ 17 ቀን አሳጥሮታል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ለዚሁ በሽታ የተለየ ማዕከል አለ። መድኃኒቱም በመንግሥት ሐኪም ቤቶች በነፃ ይሰጣል። ይሁንና በሽተኛውን ከሐኪም ቤት የሚያስቀረው የመድኃኒቱ ዋጋ ሳይሆን በዙሪያው ያለው ወጪ ነው፤ የመኪና ኪራይ፣ የ17 ቀን ስንቅ፣ የአስታማሚው ምግብ፣ በዚያ ጊዜ የሚቀረው የቀን ደመወዝ። በወሰን ማዶ ደግሞ የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰው ፖሊስ እንዳይዘው ስለሚፈራ፣ በእግሩ መሄድ እስኪያቅተው ድረስ ወደ ሐኪም አይቀርብም።

በኢትዮጵያ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ዛሬ በብዙ ወረዳ ተስፋፍቷል። ገበሬው በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮውን ከፍሎ ቤተሰቡን ያሳክማል። ነገር ግን የአባልነቱ ሥርዓት የተሠራው በቀበሌውና በወረዳው ለሚኖር ሰው ነው። ከዓመቱ ብዙውን ወር በቆላ የሚያሳልፈው ሠራተኛ መዋጮውን ቢከፍልም ካርዱን ቤቱ ሰቅሎት ይሄዳል፤ በሰቲት ዳር ቢወድቅ አይረዳውም። ሌላው የቀረለት ዕድር ነው። የዕድር ክብሩ ታላቅ ነው፤ ዳሩ ግን ዕድር ሞቶ ለተገኘው ይደርሳል እንጂ ታሞ ለተኛው የሚከፍልበት ሥርዓት እምብዛም የለውም።

ስለዚህ መደረግ የሚገባው ነገር ከነጋዴውና ከአስተዳዳሪው አቅም በላይ አይደለም። አንደኛ፣ ሠራተኛ የሚያስመጣ ባለ እርሻና ካቦ የእያንዳንዱን ሠራተኛ ስምና የመጣበትን ወረዳ መዝግቦ ለጠረፉ አስተዳደር ያስረክብ። ሁለተኛ፣ ባለ እርሻው በሠራተኛ ልክ ጥቂት ገንዘብ በየወቅቱ በባንክ ያስቀምጥ፤ ይህም ገንዘብ ለበሽተኛው መጓጓዣና ለስንቁ የሚውል፣ ሥራው ካለቀም በኋላ እስከ ስድስት ወር የሚያገለግል ይሁን። ከደመወዙ የሚቆረጥ ከሆነ ግን ድሃው ለራሱ የከፈለው ስለሚሆን ዋስነት መባሉ ይቀራል። ሦስተኛ፣ ሠራተኛው ወደ አገሩ ሲመለስ በየትኛው ቆላ እንደ ሠራ የሚገልጽ ወረቀት ይያዝ፤ የደጋው ሐኪም ይህን ካየ ትኩሳቱን ወባ ብቻ ነው ብሎ አያልፈውም። አራተኛ፣ የአንዱ ወረዳ የጤና መድን ካርድ በጠረፍ ወረዳዎች ሐኪም ቤቶችም የሚሠራበት መንገድ ይፈለግ።

ፊሊፒንስ በባሕር ማዶ ለሚሠሩ ዜጎቿ ካቋቋመችው የደኅንነት ድርጅት ጋር በእያንዳንዱ የሥራ ውል 25 የአሜሪካ ዶላር የሚከፈልበት አባልነት አላት። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ሰው ሁሉ ሲያዋጣው ግን በሰው አገር ለወደቀው መነሻ ይሆናል።

ሱዳን ራስዋ ችግር ላይ ባለችበት ዘመን ይህን ማንሣት ከንቱ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። እርግጥ ነው፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም የተነሣው ጦርነት የአገሪቱን ብዙ ሆስፒታሎች ከሥራ አውጥቷል፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ በገዳሪፍ የኮሌራ ወረርሽኝ መግባቱ ታውጇል። ነገር ግን ይህ ምክንያት ነገሩን ያጸናዋል እንጂ አያፈርሰውም። በማዶ ያለው ሐኪም ቤት በደከመ ቁጥር፣ በወዲህ ያለው ዝግጅት የበለጠ ያስፈልጋል። ጦርነትም ቢሆን ሰሊጥ ለመዝራት የሚወጣውን ነጋዴና ለማጨድ የሚሻገረውን ሠራተኛ ፈጽሞ አላስቀረም።

ሰሊጥ በዓለም ገበያ በዶላር ይሸጣል። ከዚያ ዋጋ ውስጥ የመኪናው፣ የመጋዘኑና የቀረጡ ድርሻ በሒሳብ መዝገብ ተጽፎ ይገኛል። የአጫጁ የሕክምና ድርሻ በዚያው መዝገብ አንድ መስመር ቢጨመርለት ነጋዴውን የሚያደኸይ አይደለም፤ አስተዳዳሪውንም ከሚመጣው ወረርሽኝ ያድነዋል። መጪው የአጨዳ ወቅት ከመድረሱ በፊት ባለ እርሻዎች፣ ካቦዎችና የጠረፍ ወረዳ ሹማምንት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ይህን አንድ መስመር እንዲጽፉ ያስፈልጋል።