መጀመሪያ ይፈታ፣ ዋጋው በኋላ

በግ ስንገዛ ፀጉሩን ብቻ አይተን የምንከፍል ሞኞች አይደለንም። ሽንጡን ጨበጥ፣ ጥርሱን ገለጥ አድርገን ነው ወደ ዋጋ የምንገባው። ታዲያ አሜሪካ የምንኖር ሐበሾች ያገለገለ የአደን ጠመንጃ ልንገዛ ስንሄድ ምን ነክቶን ነው በእንጨቱ ወዝና በብረቱ ጥቁረት ብቻ የምንማረከው? (አገር ቤት ያላችሁ አንባቢዎቻችን፣ የናንተ ነገር በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ሌላ ጉዳይ ነውና ይችን ለጨዋታ ያህል አንብቧት። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አቋማችንን ቀድመን እንናገር፦ ሻጩ የፊቱን ክዳን ፈትቶ ውስጡን ካላሳየ ግዢ የለም! "ተኩሰህ ሞክረው፣ ከሠራ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?" የሚሉ አሉ። አንስማማም። አሮጌ ሴሚ-አውቶማቲክ ሾትገን አምስት ጥይት ያለ እንከን ተኩሶ ውስጥ ውስጡን ግን እየተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል። ደግሞስ ውስጡ ያልታየ ጠመንጃ ጉንጭ ላይ ለጥፎ መተኮስ ምን የሚሉት ድፍረት ነው?

ብራውኒንግ አውቶ-5ን እንውሰድ፤ ያ ጀርባው ጎበጥ ያለውን። ታሪኩ ራሱ ፊልም ነው። ጆን ብራውኒንግ ከዊንቸስተር ጋር በክፍያ ሳይስማማ ቀርቶ ወደ ሬሚንግተን ሄደ፤ እዚያ ፕሬዚዳንቱን ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ሰውየው በድንገት መሞታቸው ተነገረው። እሱም ጠመንጃውን ይዞ ቤልጅየም ገባና በ1902 እዚያ መመረት ጀመረ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ሥራው ወደ ጃፓን ዞሮ እስከ 1998 ቀጠለ። ስለዚህ ዛሬ ገበያ ላይ የምታገኙት ሁሉ ያገለገለ ነው።

ይህ ጠመንጃ ሲተኮስ በርሜሉና መዝጊያው ተያይዘው ወደ ኋላ ይሮጣሉ። ሩጫውን የሚያበርዱት በጥይት ቱቦው ላይ የተጠመጠመ ትልቅ ሞላና እንደ ፍሬን የሚይዙ ቀለበቶች ናቸው። ለከባድ ጥይት የብረቱ ቀለበት ከሞላው ፊት፣ ለቀላል ጥይት ደግሞ ከሞላው ኋላ ይቀመጣል። የቀድሞው ባለቤት ለቀላል ጥይት አስተካክሎት ዓመት ሙሉ ከባድ ሲተኩስበት ከርሞ ቢሆንስ? ጠመንጃው መተኮሱን አያቆምም። የፊቱ እንጨት ግን በየተኩሱ እየተደበደበ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ብዙ ጊዜ ከውጭ አይታይም።

እንግዲህ መጀመሪያ ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ። ከዚያ ክዳኑን ፍቱ፣ እንጨቱን አውጡና ከውስጥ በኩል በባትሪ እዩት። በማጣበቂያ የተደፈነ ስንጥቅ አለ? ቀለበቶቹስ ተሟልተዋል? ቱቦው በዘይት ተነክሮ ከሆነ ባለቤቱ ፍሬኑን ሲቀባ ኖሯል ማለት ነው። መልሳችሁ ስትገጥሙት አፈሙዙን ጨርቅ የተነጠፈበት እንጨት ላይ ተጫኑና ልቀቁት፤ በርሜሉ ሳይንገጫገጭ ገብቶ በኃይል መመለስ አለበት።

እንደ አዲስ የሚያብረቀርቅ አሮጌ ጠመንጃ ከተላጠው የበለጠ ያስፈራናል። ዳግም የጠቆረ ብረት መጀመሪያ ይሞረዳል፤ ስለዚህ የተቀረጹትን ፊደላት ተመልከቱ። ጠርዛቸው ከደበዘዘ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያም ጎድጎድ ካለ፣ ከቀለሙ ስር ዝገት ነበረ ብላችሁ ጠርጥሩ። መፍቻ የቆረጣጠመው የብሎን ራስም ያልሠለጠነ እጅ እንደገባበት ይናገራል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ 16 ጌጆች ደግሞ የራሳቸው ወጥመድ አላቸው። ብዙዎቹ የተበጁት ለ65 ሚሊ ሜትር ጥይት ነው። የዛሬው 70 ሚሊ ሜትር ጥይት ሰተት ብሎ ይገባል፤ ሲተኮስ ግን የታጠፈው አፉ የሚዘረጋበት ቦታ ያጣና ግፊቱ ይጨምራል። "ገባ" ማለት "ይሆናል" ማለት አይደለም፤ በጠመንጃ ሠሪ አስለኩት። ዳክዬ ለማደን የምታስቡ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ አሜሪካ ውስጥ ከ1991 ጀምሮ የውሃ ወፍ በእርሳስ አረር ማደን ክልክል ነው፤ ብራውኒንግ ደግሞ በቤልጅየሞቹ አሮጌ በርሜሎች የብረት አረር አትተኩሱ ይላል። የሚቀራችሁ እንደ ቢስሙዝ ያለው ውዱ አረር ነው። ይህን ወጪ ሻጩ አይነግራችሁም።

በ1963 የወጣው ሬሚንግተን 1100 በጋዝ የሚሠራ ስለሆነ ምርመራው ይቀላል። ክዳኑን ፍቱ፣ ቱቦው ዝጎ እንደሆነ፣ ጎሚኒው ተበጥሶ እንደሆነ እዩ። ጎሚኒው በጥቂት ዶላር ይገዛል፤ ሰደፉ ውስጥ የተደበቀው ሞላ ግን ሊዝግ ስለሚችል መዝጊያው ሲመለስ የሚዘገይ ከሆነ አትለፉት።

ወረቀቱንም አትርሱ። ሜሪላንድ ውስጥ ከ2021 ጀምሮ ከግለሰብ ስትገዙም ማጣሪያው አይቀርላችሁም። ከ1968 በፊት የተሠራ ሾትገን ተከታታይ ቁጥር ባይኖረው አትደንግጡ፤ ሕጉ ቁጥርን ያስገደደው በዚያ ዓመት ነው። ተፍቆ የጠፋ ቁጥር ካያችሁ ግን እጃችሁን አንሱ።

ያረጀ ሞላ፣ የጎደለ ቀለበት፣ የተሰነጠቀ የፊት እንጨት ዋጋ ማስቀነሻ ናቸው፤ ተከራከሩበት። በርሜሉን ወደ ብርሃን አዙራችሁ ውስጡን ስታዩ እንደ ቀለበት የከበበ ጥቁር ጥላ ከታያችሁ ግን ተነፍቷል፤ በነጻ ቢሰጧችሁም አትተኩሱበት። ጠመንጃ ሠሪ ጋር ወስዳችሁ ለማስመርመር ሁለት ቀን ጠይቁ። ሻጩ "ዛሬ ካልወሰድክ ሌላ ገዢ አለኝ" ካለ መልካም ገበያ ተመኝታችሁለት ሂዱ።