ባለቤቱን የማያውቅ ቁልፍ

ስማርት ቁልፍ ከኪስ ሳይወጣ የመኪና በር የሚያስከፍትና ሞተር የሚያስነሳ አነስተኛ የሬዲዮ መሣሪያ ነው። የብረት ቁልፍ ጥርሱ ከቀዳዳው ጋር ሲገጥም ይከፍታል፤ ሪሞት የሚባለው ደግሞ ሰው አዝራሩን ሲጫን ምልክት ይልካል። ስማርት ቁልፍ ከሁለቱም የሚለየው ቀድሞ የሚናገረው መኪናው በመሆኑ ነው። ቁልፉ ዝም ብሎ ያዳምጣል፤ ሲጠየቅ ብቻ ይመልሳል።

እዚህ የተደረሰው ደረጃ በደረጃ ነው። ከርቀት በሪሞት የሚቆለፍ መኪና ቀድመው ለገበያ ካቀረቡት አንዱ የፈረንሳዩ ሬኖ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1982 ፉዌጎ በተባለው ሞዴሉ። የቀድሞዎቹ ሪሞቶች ችግር ሁልጊዜ ያንኑ ኮድ መላካቸው ነው። ሌሊት በር ሲንኳኳ «ማነው?» ሲባል «እኔ ነኝ» ብሎ እንደሚመልስ እንግዳ ናቸው፤ ድምፁን መምሰል የቻለ ሁሉ ይገባል። ምልክቱን አንዴ የቀዳ ሌባ መልሶ ማሰማት ብቻ ይበቃዋል። መፍትሔው በተጫኑት ቁጥር የሚቀያየር ኮድ ሆነ። በዚህ ረገድ ዓለምን ያዳረሰውን ኪሎክ የተባለ ዘዴ ያፈለቁት የደቡብ አፍሪካ መሐንዲሶች ናቸው፤ በ1995 የአሜሪካው ማይክሮቺፕ ኩባንያ ገዛው። ቀጥሎ በቁልፉ ፕላስቲክ ውስጥ ባትሪ የማይፈልግ ቺፕ ተቀበረ። መኪናው ይህን ቺፕ ካላወቀው፣ በሩ በጉልበት ቢከፈት እንኳ ሞተሩ አይነሳም። የአውሮፓ ኅብረት ከ1998 ጀምሮ ይህን መከላከያ ለአዳዲስ አውቶሞቢሎች ግዴታ አደረገው። መርሴዲስ በኤስ ክላስ መኪናው ላይ ኪለስ ጎ ብሎ ያቀረበው፣ ዛሬ ስማርት ቁልፍ የሚባለው አሠራርም በ1990ዎቹ መጨረሻ ተከተለ።

አሠራሩን ለመረዳት አንድ እጅ የበሩን እጀታ የሚነካበትን ቅጽበት ማየት ይበቃል። ጣቶች እጀታውን ሲነኩ በውስጡ ያለው ስሜት ሰጪ ክፍል መኪናውን ይቀሰቅሳል። መኪናው በበሮቹ ውስጥ ባሉት አንቴናዎች በኩል 125 ኪሎኸርዝ አካባቢ በሆነ ዝቅተኛ ሞገድ ጥሪ ያሰማል። ይህ ሞገድ ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው፤ በርቀት እጅግ ቶሎ ስለሚዳከም ከአንድ ወይም ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙም አያልፍም። በኪስ ወይም በቦርሳ ያለው ቁልፍ ጥሪውን ሲሰማ ከእንቅልፉ ይነቃል። መኪናው የዘፈቀደ ቁጥር ይልክለታል፤ ቁልፉ ቁጥሩን ከመኪናው ጋር ብቻ በሚጋራው ምስጢር አስልቶ ውጤቱን ይመልሳል፤ መኪናው ያንኑ ስሌት ለራሱ ሠርቶ ያመሳክራል። ቢገጥም በሩ ይከፈታል። ምስጢሩ ራሱ በአየር ላይ ፈጽሞ አይወጣም፤ ጥያቄውም በየጊዜው ስለሚለያይ የትናንቱን መልስ ቀድቶ ማቆየት አይጠቅምም። ይህ ሁሉ የሚያልቀው እጀታው ተስቦ ሳይጨረስ ነው።

የመልሱ ሞገድ ግን ከፍተኛ ነው፤ በአውሮፓና በብዙ ሌሎች አገሮች 433 ሜጋኸርዝ፣ በጃፓንና በአሜሪካ አብዛኛውን ጊዜ 315 ሜጋኸርዝ። በየአቅጣጫው ያገለገለ መኪና በሚገባበት እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር ይህ ተራ ዝርዝር አይደለም። መልካቸው አንድ የሆነ ሁለት ቁልፎች በማይገናኝ ቋንቋ ሊያወሩ ይችላሉ፤ በመልኩ ብቻ ተመርጦ የተገዛ ቁልፍ ከመኪናው ጋር ላይግባባ ይችላል።

በመኪናው ውስጥም ሌሎች አንቴናዎች አሉ። ቁልፉ ከእያንዳንዱ የደረሰውን የሞገድ ጥንካሬ ለክቶ ስለሚያሳውቅ፣ መኪናው ቁልፉ ከውጭ ይሁን ከውስጥ ይለያል። ሾፌሩ ፍሬን ረግጦ አዝራሩን ሲጫን ሞተሩ የሚነሳው ቁልፉ ውስጥ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። ብዙ ሞዴሎች ቁልፉ ወንበር ላይ ተረስቶ በሩ ሲዘጋ አልቆለፍም ብለው የሚጮኹትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የብረት ቁልፍን ውስጥ ረስቶ በመስታወቱ በኩል እያዩ መቆዘም፣ ሽቦ ፍለጋ መሮጥ በአብዛኛው ቀርቷል።

ጥቅሙ ሲዘረዘር ትንንሽ ነገር ይመስላል፤ በተግባር ግን በቀን ስንት ጊዜ የሚደጋገም ነው። በሐምሌ ዝናብ አንድ እጅ ጃንጥላ፣ ሌላው ዘንቢል የያዘ ሰው፣ ወይም የተኛ ሕፃን ያቀፈች እናት፣ ቦርሳ ሲበረብሩ መበስበስ የለባቸውም። ጣቶቹ በሕመም የማይታጠፉለት አዛውንት ቁልፍ ከመጠምዘዝ ይገላገላል። በአንዳንድ መኪኖች እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ መለያ ስላለው፣ ባልና ሚስት ሲለዋወጡ ወንበሩና መስታወቱ በየቁመታቸው ይስተካከላሉ። በ2024 ኢትዮጵያ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ ደግሞ ነገሩ የቅንጦት መሆኑ ቀርቷል፤ ከቻይና የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ የብረት ቁልፍ የሚገባበት ማስነሻ ጭራሽ የላቸውም።

ምቾቱ ያመጣው መርሳትም አለ። የብረት ቁልፍ ተነቅሎ ሲወጣ ሞተር መጥፋቱን እጅ ራሱ ያውቀዋል። አዝራር ይህን አይነግርም። በአሜሪካ ሞተሩ ሳይጠፋ ከቤት ጋር በተያያዘ ጋራዥ ውስጥ በቀረ መኪና ጭስ የታፈኑና የሞቱ ሰዎች አሉ፤ ብዙ አምራቾች ራሱን በራሱ የሚያጠፋ ሥርዓት ወደ መጨመር የሄዱት ከዚህ ወዲህ ነው።

ሰው በይበልጥ የሚደናገጠው ግን በባትሪ ነው። ብዙውን ጊዜ በቁልፉ ውስጥ ያለችው ሲአር 2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልት፣ ሳንቲም መሳይ ባትሪ ናት። ቁልፉ ሌት ተቀን ጥሪ ስለሚያዳምጥ፣ በተለይ ከመኪናው አጠገብ ሲቀመጥ፣ ቶሎ ትደክማለች። ብትሞትም መኪናው አልሞተም። በቁልፉ ጎን ያለች ትንሽ መያዣ ስትገፋ ከሆዱ ቀጭን የብረት ቁልፍ ይወጣል፤ ቀዳዳው በብዙ መኪኖች ከሾፌሩ በር እጀታ ላይ፣ አንዳንዴም በፕላስቲክ ክዳን ተሸፍኖ ይገኛል። ከገቡ በኋላ ቁልፉን ከማስነሻው አዝራር ጋር አስጠግቶ መጫን ነው፤ ባትሪ የማይፈልገው ቺፕ ኃይሉን ከመኪናው ሞገድ ወስዶ ይመልሳል። በአንዳንድ ሞዴሎች የሚጠጋበት ቦታ ከመሪው ጎን ወይም ከብርጭቆ ማስቀመጫው ሥር ነው። መኪና ሻጭ ስለ ስክሪኑ ስፋት ግማሽ ሰዓት ከሚያወራ ይህችን አንድ ደቂቃ ቢያሳይ ገዢን ይበልጥ በጠቀመ ነበር።

ከባዱ ድክመት ሌላ ቦታ ነው። ስማርት ቁልፍ ባለቤቱን አያውቅም፤ የሚያውቀው ቅርበትን ነው፤ ቅርበትንም የሚገምተው ሞገዱ ስለ ደረሰ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በዙሪክ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ8 አምራቾችን 10 ሞዴሎች ሞክረው በሁሉም ላይ ይህ ግምት ሊታለል እንደሚችል አሳዩ። ዘዴው ምስጢር መፍታት አያስፈልገውም። አንዱ ሌባ ከመኪናው አጠገብ፣ ሌላው ቁልፉ ከተቀመጠበት ቤት ግድግዳ አጠገብ ይቆማል፤ በያዙት መሣሪያ የመኪናውን ጥሪ ወደ ቁልፉ፣ የቁልፉን መልስ ወደ መኪናው ያሻግራሉ። ቁልፉ በእውነት ተጠይቆ በእውነት መለሰ፤ የተዋሸው ርቀቱ ብቻ ነው።

ርካሹ መከላከያ ቁልፉን ቤት ውስጥ ክዳኑ በደንብ በሚገጥም የብረት ቆርቆሮ ወይም ለዚሁ በተሠራ ቦርሳ ማስቀመጥ ነው። መሥራቱን ማወቅ ቀላል ነው፤ ቁልፉን ከነመያዣው ይዞ ወደ መኪናው መቅረብና እጀታውን መንካት፤ ከተከፈተ መያዣው ጌጥ ነው። አንዳንድ አምራቾች ቁልፉ ለጥቂት ደቂቃ ካልተንቀሳቀሰ እንዲተኛ አድርገዋል። ሥር ነቀሉ መፍትሔ ግን ከሞገዱ ጥንካሬ ይልቅ ጊዜውን መለካት ነው። የሬዲዮ ሞገድ በአንድ ቢሊዮንኛ ሰከንድ 30 ሴንቲሜትር ያህል ይጓዛል፤ መልሱ ከዘገየ ቁልፉ ርቋል ማለት ነው፤ ሞገድን ማጉላት ይቻላል፣ ከብርሃን ማስቀደም ግን አይቻልም። ስልክን ቁልፍ የሚያደርገውና በ2021 ይፋ የሆነው የአምራቾች የጋራ ደረጃ ይህንኑ የጊዜ ልኬት ይዟል።

ቁልፉ ሲጠፋስ? በሞረድ ጥርስ የሚያወጣ ቁልፍ ቀራጭ ብቻውን አይበቃም፤ አዲሱ ቁልፍ በኮምፒውተር ከመኪናው ጋር መተዋወቅ አለበት። አንድ ቁልፍ በእጅ ካለ ሥራው ቀላል ነው፤ ሁለቱም ከጠፉ ግን ዋጋውም ጣጣውም ይከብዳል። ስለዚህ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ሁለተኛውን ቁልፍ ጠይቆ መቀበልና በመኪናው የተመዘገቡት ቁልፎች ስንት እንደሆኑ ማስመርመር ይኖርበታል። የጠፋው ከመዝገቡ ሲሰረዝ ያገኘው ሰው ሞተሩን ማስነሳት አይችልም። በሆዱ የተደበቀው ብረት ግን ምዝገባ አያውቅም፤ የበሩ መቆለፊያ ካልተቀየረ መክፈቱን ይቀጥላል።