አማች ከመቀበል በፊት፤ የወንጀል መዝገብ እንዴት ይጠየቃል



ልጁን ለመዳር ወይም ለቤቱ ጠባቂ ለመቅጠር ያሰበ ቤተ ሰብ ሁሉ ስለ ሰውየው አስቀድሞ መጠየቁ የታወቀ ነው። በፎገራ ሜዳ፥ ከጣራ ገዳም ግርጌ አንሥቶ እስከ ጣና ዳር ባለው አገር፥ ይህ ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ የሚጠየቀው በሽማግሌ አፍ ነው። የዘሩ ነገር ይጣራል፤ ቤት ይቆጠራል፤ ከዚያም ድምፅ ዝቅ ተደርጎ «ደም አለበት ወይ?» ይባላል። ደም ያለበት ቤት ማለት ገዳይ ወጥቶበት ከሟች ወገን ጋራ ያልታረቀ ቤት ነውና፥ ልጂቱን ወደዚያ መስጠት ከማታውቀው ጠብ መካከል መጣል ነው።

ይህ ጥያቄ እውነተኛ መልስ የሚያገኘው ግን ሰው በአንድ ቀበሌ ተወልዶ፥ በአንድ አጥቢያ ክርስትና ተነሥቶ፥ በአንድ ገበያ ሲውል ነው። ዛሬ የወረታ ልጅ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ይወርዳል፤ ሌላው ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ሠርቶ ይኖራል፤ ሌላውም ባሕር ተሻግሮ ብዙ ዓመት ከቈየ በኋላ ሚስት ሊፈልግ ይመለሳል። ሽማግሎቹ አባቱን ያውቁት ይሆናል፤ እርሱ በሰው አገር ምን ሲሠራ እንደ ከረመ ግን ከወዴት ያውቁታል? ስለዚህ ወደ መዝገብ መሄድ ግድ ሆነ።

በቀድሞው ዘመን ወንጀለኛ የሚፈለገው በመዝገብ አልነበረም። ከብት ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠል የአገሩ ሰው ለአውጫጭኝ ይሰበሰብና፥ ነገሩ እስኪገለጥ ድረስ ወደ ሥራው እንዳይመለስ ይከለከል ነበር። ያየ ሰውም ጠላት እንዳያተርፍ ስሙን ሳይገልጥ በ«ወፍ» ቃል ይጠቁም ነበር። ወንጀለኛው ካልተገኘ ዕዳው በአገሩ ሰው ላይ ይወድቃል። ሥርዓቱ ሌባን ማስፈራቱ አይካድም፤ ነገር ግን የወፍ ቃል ተጽፎ አይቀመጥምና፥ አንድ ጊዜ የተጠረጠረ ሰው ንጹሕ መሆኑ ቢታወቅ ስንኳ ስሙ ከሰው አፍ አይወርድለትም። የመዝገብ ብልጫው እዚህ ላይ ነው፤ መክሰሱን ብቻ ሳይሆን ነጻ መልቀቁንም ይጽፋል።

እንግዲህ በአገራችን መዝገቡ የት ይገኛል? በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እንዳዘዘው፥ ወንጀል በመሠረቱ የሚዳኘው በተፈጸመበት ስፍራ ነው። በፎገራ የተፈጸመ ቀላል ነገር በወረታ በወረዳው ፍርድ ቤት ይታያል፤ እንደ ነፍስ ግድያ ያለው ከባዱ ወደ ደብረ ታቦር ወደ ዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ይግባኙም ወደ ባሕር ዳር ይደርሳል። መተማ ላይ የበደለ ሰው ግን ወረታ ላይ ቢፈለግ ስሙ አይገኝም። ስለዚህ ጠያቂው አስቀድሞ ሰውየው በየትኛው ዘመን በየትኛው አገር እንደ ኖረ መጻፍ ይገባዋል፤ ይህ ሳይታወቅ መዝገብ ቤት መሄድ ድካም ብቻ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ20ኛው አንቀጽ ክስ በግልጽ ችሎት እንዲሰማ ደንግጓል። ማናቸውም ሰው ገብቶ ማዳመጥ ይችላል፤ የሰውን የግል ሕይወት፥ የሕዝብን ሞራልና የአገርን ደኅንነት ለመጠበቅ ሲባል ካልተዘጋ በቀር። የሕፃናት ጥፋተኞችም ነገር በዝግ ይታያል። ነገር ግን ችሎቱ ግልጽ ነው ማለት መዝገቡ እንደ ገበያ ዕቃ ይገለባበጣል ማለት አይደለም። ተከራካሪ ያልሆነ ሰው ግልባጭ ሲሻ ምክንያቱን በማመልከቻ ገልጦ ይጠይቃል፤ መፍቀድና መከልከልም የፍርድ ቤቱ ነው። የመዝገቡን ቍጥር የያዘ ሰው ጉዳዩ ይቀልለታል፤ ስም ብቻ የያዘ ግን ቢያንስ የአባትና የአያት ስም፥ የተከሰሰበትንም ዓመት ይዞ ይቅረብ። በእኛ አገር የቤተ ሰብ ስም የለምና፥ ስማቸውና የአባታቸው ስም አንድ የሆነ ሰዎች በአንድ ወረዳ ብዙ ናቸው። በዚህ ምክንያት የሌላውን ዕዳ በንጹሕ ሰው ላይ የጫነ ቤተ ሰብ ቢኖር አያስደንቅም።

ከዚህ ሁሉ የሚቀለው መንገድ ሰውየውን ራሱን መጠየቅ ነው። ፖሊስ የአሥር ጣት አሻራ ተቀብሎ መዝገቡን ከመረመረ በኋላ፥ ወንጀል ያልተመዘገበበት መሆኑን የሚገልጥ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ይህን ወረቀት የሚጠይቀው ባለቤቱ ወይም ወኪሉ ነው እንጂ፥ አማት ልትሆን ያሰበች እናት ሄዳ አታወጣውም። በውጭ አገር ያለውም አሻራውን በዚያው አስነሥቶ፥ ወረቀቱን አስመስክሮ፥ በውክልና ያስጠይቃል። ለሥራና ለጉዞ ይህን ወረቀት ያወጣ ሰው ብዙ ነውና፥ ለጋብቻ አምጣ ቢባል ስድብ አድርጎ የሚቈጥረው ሊኖር አይገባም። እንደ እኔ አሳብ፥ በሽማግሌ ፊት በትሕትና የተጠየቀ ሰው ያለ ምክንያት ከተቈጣ፥ ቍጣው ራሱ አንድ መልስ ነው።

አሁን ወደ ባሕር ማዶ እንሻገር፤ በዛሬው ቀን እናቶችን ይልቁን የሚያስጨንቃቸው ይህ ነውና። አሜሪካ የምትከፈለው በክፍለ አገር ነው፤ ክፍለ አገሩም ደግሞ ካውንቲ ተብለው በሚጠሩ አውራጆች ይከፈላል። ቍጥራቸው በመላው አገር ከ3,000 ይበልጣል። የአገሩ ወንጀል በብዛት የሚዳኘው በየካውንቲው ባለው ፍርድ ቤት ሲሆን፥ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ የክሶችን ዝርዝር ለማንኛውም ጠያቂ ያሳያል። ከእኛ ልማድ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ዘመድ መሆን ወይም ምክንያት ማቅረብ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ስለዚህ ሙሽራው በሜሪላንድ ሞንጎመሪ ካውንቲ ወይም በሲያትል ኪንግ ካውንቲ ኖሮ ከሆነ፥ በዚያ ያለ አንድ ዘመድ ወደ ጸሐፊው ቢሮ ሄዶ በሙሉ ስምና በልደት ቀን ሊያስፈልግ ይችላል። በብዙ ስፍራም ከቤት ሆኖ በኮምፒዩተር መመልከት ይቻላል፤ የሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች የክፍለ አገሩን ካውንቲዎች ሁሉ በአንድ ላይ ያለ ክፍያ ያሳያሉ። ሌሎች ዘንድ ግን አንዱ ካውንቲ የጎረቤቱን አያሳይምና፥ ሰውየው በኖረባቸው ሁሉ ለየብቻ መጠየቅ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ፍርድ ቤቶች መዝገብም ራሱን የቻለ ነው። ወሲባዊ ወንጀል ፈጽመው የተፈረደባቸውን ሰዎች የሚመለከት ዝርዝር ደግሞ በየክፍለ አገሩ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ልጆች ያሏት ሴት ይህን ሳታይ መቅረት የለባትም።

የስሙ ነገር እዚያም ይከተለናል፥ እንዲያውም ይብሳል። ጸጋዬ ወይም ኀይሉ የሚለው ስም በላቲን ፊደል በሦስትና በአራት መንገድ ይጻፋል፤ ፈላጊው በአንዱ ፈልጎ ቢያጣ ንጹሕ ነው ብሎ መመለስ የለበትም። አንዱ የአባቱን ስም፥ ሌላው የአያቱን ስም እንደ ቤተ ሰብ ስም ያስመዘግባል። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው፤ በስደት የገቡ ብዙዎች ቀናቸው ስላልታወቀ በጃንዋሪ 1 ቀን የተወለዱ ተብለው ተመዝግበዋል፤ በእኛ አቈጣጠር የተነገረ ዓመት ሳይለወጥ የተጻፈላቸውም አሉ፤ የሰባት የስምንት ዓመት ልዩነት ማለት ነው። እንግዲህ የይለፍ ወረቀቱ ላይ ያለውን ስምና ቀን፥ ፊደሉን ሳይለውጡ ገልብጦ መላክ ያስፈልጋል። ዋጋ አስከፍለው የሰው ታሪክ እንሸጣለን የሚሉ ነጋዴዎች ግን የተለያዩ ሰዎችን ነገር ስለሚያቀላቅሉ፥ በእነርሱ ቃል ጋብቻ ማፍረስ አይገባም።

ሰው ሁሉ እንዲህ ይከፍታል ማለትም አይደለም። በጀርመን አገር የጠባይ ምስክር ወረቀት የሚያስወጣው ባለቤቱ ራሱ ነው፤ በዚህ ነገር እኛ ከአሜሪካ ይልቅ ወደ ጀርመን እንቀርባለን።

መዝገብ ተገኝቶ ክፉ ነገር ቢታይበት፥ እባካችሁ በመጀመሪያው ገጽ አትቁሙ። የመጀመሪያው ገጽ ክስ ነው፤ ክስ ደግሞ ፍርድ አይደለም። በአሜሪካ የተያዘ ሰው ስሙ ወዲያው ይጻፋል፤ ክሱ በኋላ ቢነሣም ጽሕፈቱ ብዙ ጊዜ ሳይፋቅ ይቀራል። መጨረሻውን ገጽ አስነብባችሁ፥ ተፈረደበት ወይስ ተለቀቀ፥ ተፈርዶበት ከሆነ በምን፥ መቼ፥ ቅጣቱንስ ፈጸመ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። በወጣትነቱ በገበያ ተጣልቶ የተቀጣና ሚስቱን በመደብደብ ሁለት ጊዜ የተፈረደበት ሰው በአንድ ሚዛን አይመዘኑም፤ ለሙሽራዪቱ የኋለኛው እጅግ ይከብዳል።

ቅጣቱን ለፈጸመ ሰው የአገራችን ሕግ ራሱ በር ከፍቶለታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ መሰየም ብሎ በሚጠራው ክፍል፥ ጽኑ እስራት የተፈረደበት ሰው ቅጣቱን ከጨረሰ ቢያንስ አምስት ዓመት፥ በሌላው ቅጣት ቢያንስ ሁለት ዓመት በመልካም ጠባይ ከኖረና የተፈረደበትን ካሣ እንደ አቅሙ ከከፈለ፥ ፍርዱ እንዲሰረዝለት ፍርድ ቤትን መለመን ይችላል። ከተሰረዘለት በኋላ በክፋት ያንን የቀድሞ ፍርድ እያነሣ የሚሰድበው ሰው በስም ማጥፋት ይጠየቃል፤ «እውነቱን ነው የተናገርሁት» ማለትም አያድነውም። በቡና ላይ የሰሙትን በሌላ ቡና ላይ ለሚያወሩ ጎረቤቶች ይህን ማስታወስ ደግ ነው።

ስለ ደም ግን አንድ ነገር ቀርቷል። ገዳይ ተፈርዶበት፥ ታስሮ፥ ተፈትቶ ሊሆን ይችላል፤ መዝገቡም ተዘግቷል። ሁለቱ ወገኖች በሽማግሌና በካህን ፊት ታርቀው ጉማ ተቀባብለው እንደ ሆነ ወይም ቂሙ ገና እንዳለ ግን የደብረ ታቦር መዝገብ ቤት አያውቀውም። ስለዚህ ግልባጩ ከእጅ ቢገባም፥ ከሟች ወገን አንድ አዋቂ ሰው ፈልጎ ማነጋገር ያስፈልጋል፤ ይህም ቀለበት ከመታሰሩ በፊት ይሁን።