ልጣጩን ለይተን እንስጣቸው

የሰፈራችን ትምህርት ቤት ተማሪዎች የሳይንስ ትምህርታቸው ከደብተር ወጥቶ፣ ጆንያና ሚዛን ይዘው በየደጃችን የጓዳ ጥራጊ መመዘን መጀመራቸው ይታወቃል። አንዳንድ ወላጆች «ልጄን የላክሁት ለትምህርት እንጂ ለቆሻሻ አይደለም» ሲሉ ሰምተናል። ስለ ጓንቱ ከሆነ እውነት አላቸው፤ በባዶ እጅ ጥራጊ አይነካም።

ነገር ግን መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ወገኖቻችንን መቅበሩ አይዘነጋም። ያ ክምር ከሰማይ አልወረደም፤ ከየቤቱ የወጣ ነው። ከከተማው ቆሻሻ ከግማሽ የሚበልጠው ደግሞ የሚበሰብስ ነው፤ የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ። ከደረቅ ቅጠል ጋር ተደባልቆ፣ እርጥበቱ ሳይጠፋ እየተገላበጠ ቢቆይ በጥቂት ወራት ውስጥ ጥሩ የጓሮ አፈር ይወጣዋል። ልጆቹ መመዘኑንም፣ ማካፈሉንም፣ መመዝገቡንም የሚማሩት እዚሁ ላይ ነው።

አሁን የቸገራቸው ፌስታልና ስባሪ ጠርሙስ ከልጣጩ ጋር ተቀላቅሎ መሰጠቱ ነው። ማኅበራችን ከስብሰባ አዳራሹ ጀርባ ያለውን ባዶ ቦታ ለጉድጓዱ ፈቅዷል፤ ጓንቱንም ይገዛል። ከነዋሪው የሚጠበቀው ለልጣጩ አንድ ባልዲ ለብቻ አስቀምጦ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ለልጆቹ ማስረከብ ነው። አጥንት ግን አይጨመርበት፤ ጅብ ይጠራብናል።